ግራ እጁ ይነሳ

ኦይታ የታመመ ራዲዮ ሲመጣለት መጀመሪያ የሚጠይቀው ከየት እንደተገዛ ወይም መቼ እንደወደቀ አልነበረም። «እስቲ በአፍህ አውጣልኝ» ይል ነበር። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ገበያው ጥግ ካለችው ባለ አንድ በር ሱቁ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ፣ የጫኖ ሙዝ ነጋዴም ይሁን የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ የራዲዮውን ሕመም በገዛ አፉ ማሰማት ነበረበት። አንዱ «ሽሽሽ» ይላል፤ ሌላው «ቿ፣ ቿ» ይላል። አንድ ጊዜ ክራቫት ያሰረ የሰሜን ሰው፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ለክብሩ ሲል ሩብ ሰዓት ያህል ሲያቅማማ ቆይቶ በመጨረሻ እንደ ጥጃ እምቧ አለ። ደጃፍ የቆሙት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ኦይታ ግን አልሳቀም። ዓይኑን ጨፍኖ ካዳመጠ በኋላ «ስፒከሩ ተቀዳለች» አለ። እውነትም ተቀዶ ነበር።

ይህን ጆሮ ያገኘው ከትምህርት ቤት አይደለም። ከጨንቻ በላይ ካለ መንደር ወርዶ ሚስዮኖች ግቢ፣ ጄኔሬተር ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ምሳውን እየበላ ጄኔሬተሩ ባሳለ ቁጥር የትኛው ብሎን እንደላላ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ይናገር ነበር። የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ የእንጨት እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ፣ ሐኪም ልብ እንደሚያዳምጥ ማዳመጥንም የለመደው እዚያ ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሚስዮኖቹ ሄዱ፤ የግቢው ጸሎት ቤት በር ታሸገ። በዚያ ዘመን የአገሩ ሕዝብ በሁለት መደብ የተከፈለ ነበር፤ የሚፈርጅና የሚፈረጅ። ኦይታ የትኛው መደብ ውስጥ እንዳለ የለየለት በአንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው። ሊቀመንበሩ «ግራ እጅ ይነሳ» ሲል የአዳራሹ ጡጫ ሁሉ አንድ ላይ ወደ ጣሪያው ተወረወረ። ያንቀላፋ ሰው እንኳ እጁ ከራሱ ቀድሞ ነቃ። የኦይታ እጅ ግን ጉልበቱ ላይ ቀረ። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ «እጅ የማነሳው ለፈጣሪዬ ነው» አለ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰባት ወር አሳሰረችው። ሲፈታም እጁ እዚያው ጉልበቱ ላይ ነበር። ደግነቱ በነዚያ ሰባት ወሮች የቀበሌው ራዲዮ ተበላሽቶ የሚጠግነው ጠፍቶ ነበርና፣ ጭቁኑ ሕዝብ መግለጫ እንዳያመልጠው ሲባል ሱቁን መልሶ እንዲከፍት ተፈቀደለት።

በ1979 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ደበሌ ሱቁ ደጃፍ መጥቶ ቆመ። ደበሌ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው። የተሸከመው ጠመንጃ ጥይት ይኑረው አይኑረው ማንም አያውቅም፤ የተሸከመው ራስ ግን ባዶ መሆኑን ከተማው በሙሉ ያውቃል።

«ጓድ ሸዋንዳኝ ይፈልጉሃል» አለ። «ዕቃህን ያዝ።»

«ራዲዮ ነው?»

«ራዲዮማ ምን አላት። ኮምፒውተር ናት።»

«እሷን አላውቃትም።»

«ዛሬ ትተዋወቃለህ። በተከፈተች ቁጥር ትጮኻለች።»

ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ወደ ሴቻ፣ የሚወስደውን ዳገት ሲወጡ ደበሌ ወሬውን መያዝ አልቻለም። «ያበላሸቻት ሠራተኛቸው ናት አሉ። ማሚቱ። የናንተዋ።»

«የናንተዋ» ማለቱ፣ ጸሎት ቤቱ ሳይታሸግ ማሚቱ በመዘምራኑ ረድፍ ፊት ቆማ ትዘምር ስለነበር ነው። ኦይታ ድምፅዋን ያስታውሳል፤ ከሌላው ሁሉ በላይ ጠርታ የምትወጣ ድምፅ ነበረች።

«ነገ ጠዋት ወደ ምርመራ ትላካለች» አለ ደበሌ። «ያንተ ወረቀት ብቻ ነው የጎደለው። ባለሙያ አይደለህ?»

ኦይታ የዕቃ ሣጥኑን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዛወረና ዳገቱን ወጣ። ምርመራ ቤቱን ያውቀዋል። እሱ ሰባት ወር ተቀምጦ የወጣው ወንድ ሆኖ፣ ሙያም ኖሮት ነው። ማሚቱ ያላት ያች ድምፅ ብቻ ናት።

ጓድ ሸዋንዳኝ ወደ ሶፊያ ለስምንት ወር ኮርስ ሄዶ ሦስት ነገር ይዞ የተመለሰ ካድሬ ነው፤ አንዲት ኮምፒውተር፣ አንድ የነሐስ ጡጫ፣ እና «በመሠረቱ» የምትል ቃል። ኮምፒውተሯ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ተብላ ነበር አገር የገባችው፤ ሰፊው ሕዝብ የሚገለገልበት ቢሮ ጠባብ ነው ተባለና በሸዋንዳኝ ሳሎን ተቀመጠች። ጡጫው ለትጉህ ሠልጣኝ የሚሰጥ ሽልማት ነው። ከእጅ አንጓው በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ግራ እጅ ሲሆን እንደ ሚዛን ድንጋይ ይከብዳል። «በመሠረቱ» ደግሞ የራሱ የግል ንብረት ነበረች።

ሚስቱ ጽጌረዳ የደብረ ታቦር ልጅ ናት። ያልለበሰ ዕቃ ዓይኗን ይወጋታል። ሶፋው፣ ራዲዮው፣ የብርጭቆ መደርደሪያው ሁሉ ዳንቴል ለብሷል። ለኮምፒውተሯ የተሠራው ግን ልዩ ነበር። ከአናቷ እስከ ፊደል ሰሌዳዋ ድረስ የሚሸፍን ነጭ ዳንቴል፣ መሐሉ ላይ ቀይ ኮከብ፣ ዙሪያውን ረጅም ቀይ የሱፍ ዘርፍ።

ሸዋንዳኝ ኦይታ እንዲቀመጥ አልጋበዘውም። «በመሠረቱ» አለ፣ «ጉዳዩ ቴክኒካል አይደለም፣ ፖለቲካዊ ነው። መሣሪያዋ ስትነሳ ድምፅ ትልካለች። ከዚያ ስክሪኗ ላይ 301 የሚል ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩን ማን እንደሚቀበለው ገና አልተደረሰበትም። ማን እንዳስገባው ግን ታውቋል።»

በአገጩ ወደ ማድ ቤቱ በር ጠቆመ። ማሚቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ እጆቿን በሽርጧ ጠቅልላቸዋለች።

«በየቀኑ አቧራ የምትጠርገው እሷ ናት» አለ ሸዋንዳኝ። «የማን ቅሪት እንደሆነች ደግሞ አንተ ታውቃለህ። ነገ በአራት ሰዓት የበላይ አካል መሣሪያዋን ሊያይ ይመጣል። ከዚያ በፊት ጥፋቱ በባለሙያ ተረጋግጦ እጄ መግባት አለበት።»

ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አኖረ። በታይፕ የተመታ ነው። ከላይ «ሙያዊ ምስክርነት» ይላል፤ ከታች «ብልሽቱን ያደረሰው» ይልና ነጠብጣብ ይከተላል። ነጠብጣቡ ልክ የአንድ ሰው ስም የሚበቃው ያህል ነው።

ኦይታ ወረቀቱን አይቶ እንዳላየ አለፈው። «ጓድ ሸዋንዳኝ፣ ከመንካቴ በፊት በአፍዎ ያውጡልኝ» አለ።

«ምኑን?»

«ጩኸቷን። እንዴት ነው የምትለው?»

ሸዋንዳኝ በሕይወቱ ብዙ ነገር በአፉ አውጥቷል። የተናገረውን ሁሉ ግን ሌላ ሰው ጽፎ ነበር የሰጠው። ያለ ጽሑፍ ድምፅ አውጣ መባሉ ግራ አጋባው። አንዴ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንዴ ወደ ሚስቱ አየ፤ «አልቀልድም» ብሎም ዘጋው።

«እኔ ላውጣልህ ጋሽ ኦይታ?» አለች ማሚቱ ከበሩ።

ማንም ሳይፈቅድላት አወጣችው። «ቂርር፣ ቂርር» አለች፣ ዝቅ አድርጋ። ከዚያ «ጥጥጥጥጥጥ» አለች፣ ልክ ዝንብ ብርጭቆ ውስጥ እንደገባ። በመጨረሻ «ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ» አለች፤ ያቺ ቀጭን ድምፅዋ ጣሪያውን ነካችው።

«አያችሁ» አለ ደበሌ። «በቃሏ ይዛዋለች። ኮድ ነው።»

«በየቀኑ የሰማ ሰው መያዙ ምን ይደንቃል?» አለ ኦይታ። «አንተስ የሊቀመንበሩን ንግግር በቃልህ ይዘህ የለም? ገብቶህ ነው?»

ጽጌረዳ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ የዓባያን ሐይቅ የምታይ መሰለች።

«ሦስት ድምፅ ናት» አለ ኦይታ። «ሦስት ድምፅ ደግሞ አንድ ሕመም አይሆንም። አሁን እንደ ሁልጊዜው ያስነሷት፣ ጓድ። አንድም ነገር ሳይጎድል፣ አንድም ነገር ሳይጨመር።»

እዚህ ላይ ነው የቤቱ ሥርዓት የተገለጠው። ለሸዋንዳኝ አንድን ነገር መክፈት ማለት መመረቅ ማለት ነው። ኮቱን ቆለፈ። ጽጌረዳ ተነሥታ ቆመች፤ ማሚቱም ቆመች፤ ደበሌ ጠመንጃውን አስተካከለ። ኮምፒውተሯ ዳንቴሏን እንደለበሰች ነበር፤ ጡጫው ከዳንቴሉ በላይ፣ ፊደል ሰሌዳዋ ላይ ተቀምጧል። ሸዋንዳኝ እጁን በዳንቴሉ ሥር አስገብቶ ማብሪያዋን ተጫነ።

ቂርር፣ ቂርር። ጥጥጥጥጥጥ። ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።

ማሚቱ አንዲት ድምፅ አላዛባችም ነበር።

ሸዋንዳኝ ጩኸቱ እስኪያበቃ በክብር ጠበቀ። ከዚያ ጡጫውን በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ ጎን አኖረና፣ አደባባይ ላይ ሐውልት እንደሚመርቅ ሰው ዳንቴሉን ወደ ኋላ ገለጠው። ስክሪኗ ላይ 301 ቆሟል። «ይኸው» አለ።

«ያጥፏት» አለ ኦይታ። «መጋረጃዋን ያልብሷት፤ ጡጫውንም ወደ ቦታው። እንደገና።»

በሁለተኛው ጊዜ የካቻቢቴውን ጫፍ ከጀርባዋ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ለሦስተኛው ጊዜ ማብሪያው ከመነካቱ በፊት ጎንበስ አለና ጡጫውን አንሥቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

ቂርር፣ ቂርር። ጥጥጥጥጥጥ።

ጠበቁ። ጢጥ የለም። ዳንቴሉ ሲገለጥም 301 የለም።

ኦይታ ጡጫውን ወደ ቦታው መለሰና አራተኛ ጊዜ አስነሣት። ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።

«ግራ እጁ ነው» አለ።

«ምን አልክ?»

«ጭቆና አለባት፣ ጓድ። ስትነሳ ግራ እጁ ቁልፏን ይጨቁናታል፤ እሷ ትጮኻለች። እርስዎ መጋረጃ በሚገልጡበት ሰዓት ግራ እጁ ሄዷል። ማን እንደጨቆናት አይታይም።»

«ጨቆናት?»

«ተጫናት ማለቴ ነው። አማርኛዬ ከተራራ የወረደች ናት።»

ማሚቱ አንገቷን ደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ኦይታ ከፍርሃት አለመሆኑን ከትንፋሿ አወቀ።

ከዚያ ባትሪ አብርቶ ከጀርባዋ ባለው ወንፊት ወደ ውስጥ አየ። በወረንጦ አንድ ነገር ይዞ ሳብ አደረገ፤ የአንድ ጣት ያህል ቀይ የሱፍ ክር ወጣ። «ጥጥጥ የምትለው ደግሞ ይቺ ናት። ማራገቢያዋ ላይ ተጠምጥማለች። ገና ብዙ አለ።» የቀረውን እንዳለ ተወው።

ጽጌረዳ ጠጋ ብላ ክሩን አየችው። «የኔ ክር ነው» አለች። «የዘርፉ ክር ነው። ጡጫውንም እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት፤ ነፋሱ ዳንቴሉን እየገለጠ ሲያስቸግረኝ። ማሚቱ ምን አደረገች?»

«አንቺ ዝም በይ» አለ ሸዋንዳኝ።

ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ተመላለሰበት። አንድ ወገን ኮከብ አለ፣ አንድ ወገን ጡጫ አለ፣ አንድ ወገን ደግሞ ሽርጥ የለበሰች ሠራተኛ አለች። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ይህ ከባድ ሒሳብ አይደለም።

«በመሠረቱ» አለ፣ «ኮከቡና ጡጫው ጥፋተኛ ሊሆኑ አይችሉም። እነሱን በአግባቡ ያልያዘ እጅ ግን አለ። ነጠብጣቡ ላይ ማሚቱ ብለህ ሙላና ፈርም።»

ኦይታ እስክሪብቶውን ተቀበለ። ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ቀስ እያለ፣ ፊደሎቹን እየለቀመ ጻፈ፤ ፈረመ፤ ሰጠው። ሸዋንዳኝ ማንኛውንም ጽሑፍ ጮክ ብሎ የማንበብ ልማድ ነበረውና አነበበው።

«አንደኛ፣ ቂርር የምትለው ጤናዋ ነው። ስትነሳ ዲስኳን ትፈልጋለች። ሁለተኛ፣ ጥጥጥ የምትለው የዳንቴሉ ቀይ ዘርፍ ማራገቢያዋ ውስጥ ስለገባ ነው። ሦስተኛ፣ ጢጥ የምትለውና 301 የምትጽፈው ግራ እጅ ስለተጫናት ነው። ብልሽቱን ያደረሰው፦ ግራ እጅ። መፍትሔ፦ ግራ እጁ ይነሳ።»

የመጨረሻዋን መስመር ሲያነብ ደበሌ ከልማድ ክንዱን ወደ ላይ ሊልክ ጀምሮ መሐል ላይ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ሸዋንዳኝ።

«መፍትሔዋ ነው።»

«ይህ መፈክር ነው።»

«ስብሰባ ላይ መፈክር ናት፣ ጓድ። እዚህ ጥገና ናት።»

ሸዋንዳኝ ወረቀቱን ደግሞ አየው። ስድብ ነው እንዳይል፣ በየስብሰባው ራሱ የሚያስተጋባው ቃል ነው። እውነት ነው እንዳይል፣ እውነት ነው። ወደ በላይ አካል ቢልከው ነገ የክፍለ ሀገሩ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ይሥቁበታል። ቢቀደው ደግሞ ምስክርነት የለውም። እንዲህ ያለ ወረቀት ሶፊያ አላስተማሩትም።

«ሰባት ወር አልበቃህም?» አለ ዝግ ብሎ።

«ቤቱን አውቃታለሁ» አለ ኦይታ። «በሯ ስትከፈት ሲጢጥ ትላለች። ማጠፊያዋ ዘይት ትፈልጋለች ብዬ ነግሬያቸው ነበር። እስካሁን ካልቀቧት ሄጄ እቀባታለሁ። የዚች ልጅ ስም ግን በእኔ እጅ አይጻፍም።»

ፀሐይዋ ወደ ጋሞ ተራሮች አዘንብላ ነበር። ሸዋንዳኝ የእጅ ሰዓቱን አየ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። «እሺ፣ ክሩን አውጣና ውጣልኝ። የእሷን ጉዳይ እኔ አየዋለሁ።»

ኦይታ ኮምፒውተሯ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ወረንጦውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «ማሚቱ ቤቷ ትሂድ፤ ከዚያ አወጣለሁ።»

«ከእኔ ጋር ትደራደራለህ?»

«አልደራደርም። ሊታሰር የተቀመጠ ሰው አጠገብ እጄ ትንቀጠቀጣለች። ክሩ ከተበጠሰ ቀሪው ውስጥ ይቀራል። ነገ በአራት ሰዓት እንግዳው ፊት ጥጥጥ ትላለች። እኔ ያኔ እስር ቤት ነኝ፣ ማን ያወጣላታል?»

ደበሌ ትእዛዝ ጠብቆ ሸዋንዳኝን አየ። ሸዋንዳኝ ስክሪኗን አየ። «በመሠረቱ...» አለ፤ ዓረፍተ ነገሩም እዚያው ቀረ።

የጨረሰችው ጽጌረዳ ናት። ማድ ቤት ገብታ የማሚቱን ጥቅል ልብስና አንድ ነጠላ ይዛ ወጣች። «ሂጂ ልጄ» አለቻት። «ምስክርሽ ጽፎልሻል። ምዕራብ ዓባያ አጎትሽ ዘንድ ሂጂ፤ ነገ ዛሬ እንዳትዪ።» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ዳንቴሉንም ጡጫውንም ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ሰው መላክ ካስፈለገህ እኔን ላከኝ።»

ደበሌ ከበሩ ፈቀቅ አለ። ማሚቱ ስታልፍ «ጋሽ ኦይታ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ ወጣች። ጥቂት ቆይቶ ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች፦ ጢጥ። ሸዋንዳኝ ደንግጦ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረ። ኮምፒውተሯ ጠፍታ ነበር።

ኦይታ ወረንጦውን አነሣ። ክሩን ሳይቸኩል፣ ዙር በዙር፣ ፈታው። አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን የአብዮት ዘርፍ ወጣ። ለጽጌረዳ በእጇ ሰጣት። መሣሪያዋ ስትነሳ ቂርር ብላ ዝም አለች።

ሲወጣ ደበሌ በሩ ላይ በሹክሹክታ «እያዩህ እኮ ነው» አለው። «ስትሰናበት እንኳ ግራ እጅህን ብታነሣ ምናለ?»

«ሥራ ይዛለች» አለ ኦይታ፣ የዕቃ ሣጥኑን እያሳየው፤ ቁልቁለቱን ወረደ።

በማግስቱ የበላይ አካሉ መጣ፣ ኮምፒውተሯን አየ፣ በዝምታዋ ተደነቀ። በሳምንቱ የኦይታ ሱቅ ታሸገ። ምክንያቱን ጠየቀ፤ እየተጣራ ነው ተባለ። እሱም መበየጃ ካውያውን በከሰል እያጋለ ጫኖ መንደር፣ አንድ የማንጎ ዛፍ ሥር፣ አርባ ቀን ሠራ። የሲቀላ ሰው ራዲዮውን ታቅፎ እዚያው ድረስ ሄደለት፤ ከሱቁ ይልቅ ዛፉ ሥር ሰው በዛ። ማሚቱ ምዕራብ ዓባያ ደረሰች። እዚያ በሆነ ቤት ውስጥ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ የምትዘምር ሴት አለች የሚል ወሬ መጣ፤ ኦይታ ወሬ ነጋሪውን «በአፍህ አውጣልኝ» አላለውም።

ሱቁ በአርባ አንደኛው ቀን ተከፈተ። ያስከፈተው ርኅራኄ አይደለም። በዚያኑ ቀን ደበሌ የቀበሌውን ራዲዮ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ጠመንጃውን ጀርባው ላይ አዝሎ መጣ። ደጃፉ በሰው ተሞልቷል።

«ምን ሆነች?» አለ ኦይታ።

«ተበላሽታለች።»

«በአፍህ አውጣልኝ።»

ደበሌ ግራ ቀኙን አየ። ያ ባለ ክራቫት መምህር ሳይቀር ቆሞ ነበር። «ጋሽ ኦይታ፣ በሰው ፊት?»

«ኮድ ካልሆነ ምን ያስፈራሃል?»

ደበሌ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ፍጭጭጭ፣ ዋይይይ» አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ኦይታ ራዲዮውን እዚያው ደበሌ እቅፍ ውስጥ እንዳለ ከፈተው። እውነትም ፍጭጭጭ፣ ዋይይይ አለ። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ የደበሌን ግራ እጅ አየ፤ ጣቶቹ አንቴናውን ከነሥሩ ጨብጠውታል።

«ግራ እጅህን አንሣ» አለው።

ደበሌ ከልማድ ጡጫውን ጨብጦ ወደ ሰማይ ሰነዘረ። ራዲዮውም በዚያች ቅጽበት ጥርት ብሎ ይናገር ጀመር።

«ዳነች» አለ ኦይታ። «አሁን አውርዳት። ከአንቴናው ላይ አንሣ ነው ያልኩህ።»